ሙሉው አዳራሽና ውቡ ማስታወቂያ በአንድ ምሽት አልተገናኙም

ስለ ድሮው የእንግሊዝ ሲኒማ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙ ሰው እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከተለያዩ ወዳጆች ደጋግሞ ደርሶኛል፤ አብዛኞቹ «አንጀቴን አራሰው» የሚል ቃል ጨምረውበት ነው የላኩት። ጸሐፊው ብዕራቸው የሰላ፣ ለንደን ውስጥም ረጅም ዘመን የኖሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለ ቀዩ ምንጣፍና ስለ መጋረጃው አከፋፈት የጻፉትን ሳነብ እኔም ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በናፍቆት አያበቃም። ከናፍቆቱ ተነሥቶ የዛሬው ተመልካች ሥርዓት የለውም፣ የዛሬው ማስታወቂያ ጊዜ ይሰርቃል፣ የዛሬው ሲኒማ ቤት መጋዘን ነው ወደሚል ፍርድ ይሸጋገራል። ፍርድ ከተሰጠ ማስረጃው ሊመረመር ይገባል። እኔ መርምሬው ሚዛን የሚደፋ ሆኖ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ ያሉትን በቅንነት ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የድሮው የሲኒማ ማስታወቂያ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ተመልካቹን የሚያከብር ጥበብ ነበር ይላሉ። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ ጨዋ ነበር፤ ዘንጦ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ያያል፣ በመጨረሻም ለብሔራዊ መዝሙሩ ተነሥቶ ይቆማል። ሦስተኛ፣ ሲኒማ ሀብታሙንና ድኻውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀመጠ ርካሽ መዝናኛ ነበር። አራተኛ፣ ከዋናው ፊልም በፊት የሚታየው የዜና ፊልም ለሕዝቡ እውነቱን ያሳውቅ ነበር፤ ለዚህም ምሳሌ ያደረጉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የስደት ዘመን ነው። አምስተኛ፣ ይህን ሁሉ የገደለው ከከተማ ዳር የተተከለው ባለብዙ አዳራሽ ሲኒማ ነው። ስለዚህ የዕረፍት ሰዓቱ፣ በአንገት የሚንጠለጠለው የአይስክሬም ትሪና የሰፈር ነጋዴ ማስታወቂያ ይመለሱ ሲሉ ይደመድማሉ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ጽሑፉ በሙሉ የቆመበትን መሠረት ማየት ያስፈልጋል። ጸሐፊው አንድ የቅዳሜ ምሽት ይተርካሉ። ኦርጋኑ እየተጫወተ ከወለሉ ሥር ብቅ ይላል፤ ባትሪ የያዘችው አስተናጋጅ ወንበር ታሳያለች፤ የፐርል ኤንድ ዲን ማስታወቂያ በዚያ ሁሉም በሚያውቀው «ፓ-ፓ፣ ፓ-ፓ» ዜማ ይጀምራል፤ ወርቃማው የሲጋራ ማስታወቂያ ይከተላል፤ ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ለመዝሙሩ ይቆማል። ያማረ ምሽት ነው። ግን እንዲህ ያለ ምሽት አልነበረም።

ኦርጋኑ የ1930ዎቹ ጌጥ ነው (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው)። ፐርል ኤንድ ዲን የተባለው የማስታወቂያ ኩባንያ የተቋቋመው በ1953 ነው፤ ዜማውን ፒት ሙር የደረሰው ደግሞ በ1968። ጸሐፊው በረሃውንና እንሽላሊቱን ጠቅሰው የሚገልጹት የሲጋራ ማስታወቂያ ሂዩ ሃድሰን በ1978 ለቤንሰን ኤንድ ሄጅስ የሠራው ነው። ያኔ በአብዛኞቹ አዳራሾች የኦርጋኑ ድምፅ ከጠፋ፣ መዝሙሩም ከቀረ ቆይቷል። ጸሐፊው የአርባ ዓመት ታሪክ ሰብስበው በአንድ ምሽት ውስጥ ከተውታል።

ይህን የማነሣው ጥቃቅን ስሕተት ለመልቀም ብዬ አይደለም። ነገሩ የክርክሩን ወገብ ይነካል። በ1946 የብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች ከ1.6 ቢሊዮን በላይ ቲኬት ሸጠዋል። ሕዝቡ 49 ሚሊዮን ገደማ ነበርና፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ እያንዳንዱ ሰው በዓመት በአማካይ ከ30 ጊዜ በላይ ገብቷል ማለት ነው። በ1960 ቁጥሩ 500 ሚሊዮን ሆነ፤ በ1980 ወደ 100 ሚሊዮን ወረደ፤ በ1984 ደግሞ 54 ሚሊዮን ደርሶ ለአንድ ሰው አንድ ቲኬት እንኳ የማይሞላ ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሎ በሚሞላበት ዘመን የሰፈሩ ነጋዴ ማስታወቂያ ባብዛኛው በመስታወት ላይ የተዘጋጀ የማይንቀሳቀስ ምስል ነበር። ጸሐፊው የሚናፍቁት የማስታወቂያ ውበት በመጣበት ዘመን ደግሞ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሁለቱ ተላልፈዋል። እንግዲህ «ማስታወቂያው ስላማረ፣ ሥርዓቱም ስለነበረ ሕዝቡ ይጎርፍ ነበር» የሚለው የጽሑፉ የውስጥ ክር እዚህ ላይ ይበጠሳል።

ማስታወቂያው ጥበብ ነበር ለሚለው የሚገባውን ልስጥ። የኒውዚላንዱ ተወላጅ ሌን ላይ በ1935 ለእንግሊዝ ፖስታ ቤት የሠራው አጭር ፊልም የጥቅል መላኪያ ዋጋ ለማስተዋወቅ ነበር። ካሜራ አልተጠቀመም፤ ቀለሙን በቀጥታ በፊልሙ ላይ ነው የቀባው። ያ ሥራ ዛሬም በፊልም ታሪክ ውስጥ በክብር ይነሣል። በኋላ ስመ ጥር የፊልም ዳይሬክተሮች የሆኑት ሪድሊ ስኮት፣ አላን ፓርከርና ሂዩ ሃድሰንም እጃቸውን ያፍታቱት በማስታወቂያ ሥራ ነው። ይህን የሚክድ የለም።

ጸሐፊው ያላነሡት ጥያቄ ግን አለ። የ1970ዎቹን ውበት ገንዘብ የከፈለበት ማን ነው? ለምንስ ወደ ሲኒማ መጣ? መልሱ የሚጀምረው በኦገስት 1 ቀን 1965 ነው። በዚያ ቀን በብሪታንያ ቴሌቪዥን የሲጋራ ማስታወቂያ ተከለከለ። የሲጋራ ኩባንያዎቹ ገንዘብ በር ወዳልተዘጋበት ሄደ፤ ወደ ጋዜጣ፣ ወደ መንገድ ዳር ሰሌዳ፣ ወደ ሲኒማ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የማስታወቂያ ደንቡ ይበልጥ ጠበቀ። አጫሹን ጀግና፣ ስኬታማ ወይም ተፈላጊ አድርጎ ማሳየት ተከለከለ። ሠሪዎቹ ታዲያ አጫሹን ራሱን ከምስሉ አወጡት። የቀረው በረሃ፣ እንሽላሊት፣ የመዋኛ ገንዳና የወርቅ ቀለም ያለው ፓኮ ነው፤ አንድም ቃል የሚናገር ሰው የለም። ጸሐፊው «ተመልካቹን የማሰብ ዕድል የሰጠ ዝምታ» ያሉት፣ ስለ ዕቃው መልካም ነገር መናገር የተከለከለ ሻጭ ያገኘው መውጫ ነው።

ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያገናኘውን ጥናታቸውን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት በ1950 ነው። ማስታወቂያው ከዚያ 28 ዓመት በኋላ ነው የተሠራው። እኔ ያንን ማስታወቂያ አይቼ የብርሃኑንና የቅንብሩን ብቃት አደንቃለሁ፤ ከዚያ ዘመን ሥራዎች ውስጥ በጥራቱ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ነገር ግን ገዳይነቱ በታተመ ጥናት የታወቀን ዕቃ በጨለማ አዳራሽ ለተቀመጠ ወጣት እንዲህ አሳምሮ ማቅረብን «አክብሮት» ብሎ መጥራት አልችልም። የሲጋራ ማስታወቂያ ከብሪታንያ ሲኒማ የወጣው በ1986 ነው። ጸሐፊው «ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ማስታወቂያው ነፍሱን አጣ» ሲሉ የሚያለቅሱለት ቀን ይኸው ነው። ያጣው ነገር የሲጋራን ገንዘብ ከሆነ፣ መልካም አደረገ።

«እያንዳንዱ በእጅ የተሠራ» ነበር ስለተባለው የሰፈር ማስታወቂያም የምለው አለኝ። ባልና ሚስት በሻማ ብርሃን ይመገባሉ፤ አሳላፊው ፈገግ ብሎ ሳህን ያቀርባል፤ ከዚያ ምስሉ ይቆምና የአንድ የሕንድ ምግብ ቤት ስም ይወጣል፤ ድምፅም «ከዚህ ሲኒማ ቤት ጥቂት ደቂቃ ብቻ» ይላል። ጸሐፊው ይህን የሰፈራቸው ልዩ ቅርስ አድርገው ያዩታል። ሊድስ ላይም ብራይተን ላይም የሚበሉት ባልና ሚስት ግን እነዚያው ነበሩ። ፊልሙ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ለብዙ ከተማ ይባዛል፤ የሚለወጠው መጨረሻ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ተትቶ እንደሚታተም የሠርግ ጥሪ ካርድ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እንዲያውም ወጪው ትንሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከስደት መጥቶ ትንሽ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ስሙን ከሆሊውድ ተዋናይ ፊት በትልቅ ሸራ ላይ ለማየት የቻለውም እንዲሁ። ዋጋው ያለው በዚህ ነው፤ በእጅ ሥራነቱ ግን አይደለም።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው ሌላ ነገር አለ። በጽሑፉ ውስጥ በፍቅር ከተዘረዘሩት ማስታወቂያዎች አንዱ የ1980ዎቹ የኪያ-ኦራ ብርቱካን መጠጥ ካርቱን ነው። ያ ካርቱን ጥቁሮችን በድሮው የአሜሪካ ደቡብ መሳለቂያ ሥዕል አምሳያ ያቀርባል ተብሎ ሲወቀስ የኖረ ነው፤ ወቀሳውም ትክክል ይመስለኛል። ዜማው ጆሮ ላይ ይቀራል፤ እውነት ነው። ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የነበረ ጥቁር ልጅ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ብለው ይጠሩት ነበር? ለአማርኛ አንባቢ፣ ልጆቹን እዚሁ ብሪታንያ ለሚያሳድግ ወላጅ የሚጽፍ ሰው ይህን ጥያቄ ሳያነሣ ማለፉ አሳዝኖኛል።

ሁለተኛው ነጥብ የተመልካቹ ጨዋነት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ዋናውን ልማድ ረስተውታል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ አብዛኛው አዳራሽ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ፊልሞቹን ሳያቋርጥ ያዞር ነበር። ሰው በተመቸው ሰዓት ይገባል፤ ታሪኩ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ መጨረሻውን አይቶ፣ የዜና ፊልሙንና ሁለተኛውን ፊልም አሳልፎ፣ መጀመሪያውን ያያል፤ የገባበት ቦታ ሲደርስ ተነሥቶ ይወጣል። ይህ ማለት ምሽቱን ሙሉ የሚነሣ፣ የሚቀመጥ፣ በሰው ጉልበት ላይ የሚያልፍ ሰው አለ ማለት ነው። አስተናጋጇ ባትሪ የያዘችውም ለዚሁ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 አንድ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ በጥብቅ ማሳሰቢያ ማስለጠፍ ነበረበት። ሰው ከመጀመሪያው መጥቶ በጸጥታ መጨረሻውን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ያ ማሳሰቢያ ዜና ባልሆነ።

ከዚያ ጭሱ አለ። በ1948 ከአሥር የብሪታንያ ወንዶች ስምንቱ ትምባሆ ተጠቃሚዎች ነበሩ፤ የሲጋራ መተርኮሻው ከፊት ለፊት ወንበር ጀርባ ላይ ተገጥሞ ነበር። ጸሐፊው «በጭሱ ውስጥ የሚያልፈው የፕሮጀክተር ብርሃን» ብለው በግጥም ቋንቋ ጽፈዋል። ተመልካቹ ያን ጭስ ሁለትና ሦስት ሰዓት ስቦ ይወጣል፤ አስተናጋጇ ግን በየቀኑ፣ ለዓመታት ነው የሳበችው። እንግሊዝ ውስጥ በተዘጋ የሕዝብ ቦታ ማጨስ በሕግ የተከለከለው በጁላይ 1 ቀን 2007 ነው።

በ1956 ደግሞ የሮክ ኤንድ ሮል ፊልም ሲመጣ ወጣቶቹ በወንበሮቹ መካከል ጨፈሩ፣ መቀመጫ በስለት ቀደዱ፤ አንዳንድ የከተማ ምክር ቤቶች ፊልሙን እስከ መከልከል ደረሱ። ያኔም ጋዜጦች «የዛሬ ልጆች» እያሉ ይጽፉ ነበር። መዝሙሩንም በተመለከተ የዚያ ዘመን ሰዎች ሲያወሩ የሚነሣው ትዝታ ሩጫው ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ሳይሰማ በሩ ላይ ለመድረስ የሚደረገው ግፊያ። ቆመው የቀሩ ብዙዎቹ ያልደረሱት ናቸው። በፍላጎት የቆሙም ነበሩ፣ በተለይ በጦርነቱ ዓመታት፤ ክብራቸውን አልነካም። ግን ልማዱ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሲቀር የከለከለው አካል አልነበረም፤ ሰው ራሱ ተወው።

ስለ ልጆች የቅዳሜ ጠዋት ማሳያ የጻፉት ክፍል በጣም ደስ ይላል፤ ዘፈኑ፣ ባጁ፣ ጩኸቱ እውነተኛ ደስታ ነበር። «ያኔ ልጅ በሰላም ይላካል» የሚለውን ግን እንዲሁ አላሳልፈውም። በዲሴምበር 31 ቀን 1929 በስኮትላንድ ፔይዝሊ ከተማ፣ ግሌን ሲኒማ ውስጥ፣ ለልጆች ብቻ በተዘጋጀ ማሳያ ላይ ከአንድ የፊልም ቆርቆሮ ጭስ ወጣ። ልጆቹ ወደ መውጫው ሮጡ፤ መውጫው ተዘግቶ ነበር። 71 ልጆች ሞቱ። ዛሬ የምንማረርበት የሲኒማ ቤት የደኅንነት ደንብ፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው በርና ሲገፋ የሚለቀው ብረት፣ እንዲህ ካለ ሐዘን በኋላ የመጣ ነው።

በስልክ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ከጎናቸው ነኝ። በጨለማ ውስጥ የሚበራ ስልክ ጎረቤትን መናቅ ነው፤ ምንም ማስተባበያ የለውም። ማስታወቂያውና የሚመጡ ፊልሞች ቅንጫቢ ተደምረው ዋናውን ፊልም ከተጻፈው ሰዓት ብዙ ማዘግየታቸውም ያናድዳል።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ርካሽ ነበር፤ ልክ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ግን አብሮ መቀመጥ አልነበረም። ከሸራው ሥር አንገት የሚያጣምመው ወንበር በሳንቲም ይሸጣል፤ የላይኛው ፎቅ ወንበር በእጥፍና ከዚያ በላይ። መሐል ከተማው ላይ ባለ እብነ በረድ ደረጃው አዳራሽ አለ፤ በሠራተኛው ሰፈር ተባይ የሚበላበት ጠባብ አዳራሽ አለ። እንደ ጸሐፊው አገላለጽ ሁሉንም በእኩልነት ያስተናገደ ቤት ቢሆን ኖሮ በ1965 የወጣው የዘር ግንኙነት ሕግ፣ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች በቀለም ምክንያት ሰውን መከልከልን ሲያግድ፣ ሲኒማ ቤትን በስም መጥቀስ ባላስፈለገው።

አራተኛው ነጥብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ጁን 3 ቀን 1936፣ ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ሲደርሱ ሕዝብ ወጥቶ ተቀብሏቸዋል። የዜና ፊልም ካሜራዎች ነበሩ፤ ምስሉም በየአዳራሹ ታይቷል። ጸሐፊው ይህን አንሥተው «የሲኒማው ሸራ ለእንግሊዝ ሕዝብ የኢትዮጵያን እውነት ነገረ» ይላሉ። ምስሉ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬም ያ ፊልም ሲታይ ልቤ ይነካል። ግን መታየትና እውነቱን መንገር ይለያያሉ።

በዚያን ዘመን ገበያውን የያዙት አምስት የዜና ፊልም ድርጅቶች ነበሩ፦ ፓቴ፣ ሙቪቶን፣ ጎሞንት ብሪቲሽ፣ ፓራማውንትና ዩኒቨርሳል። ደንበኞቻቸው የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ናቸው፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ለመዝናናት ከፍሎ የገባ ሰው በፖለቲካ ሲከራከር ማየት አይፈልጉም። ስለዚህ ካሜራው ሰልፉን፣ ባርኔጣውን፣ የእጅ ሰላምታውን ያሳያል፤ ከበስተጀርባ ያለውን የመንግሥት ሸር ይተወዋል። ከዚህ የባሰም ሆኗል። በሴፕቴምበር 1938፣ የቼኮስሎቫኪያ ጉዳይ ሲጦዝ፣ ፓራማውንት የጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌንን መንግሥት ፖሊሲ የሚተቹ ሁለት ጋዜጠኞችን ንግግር አቀረበ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል አስጠይቆ ያ ክፍል ከፊልሙ እንዲወጣ ተደረገ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ብሪታንያ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ለያዘችው ግዛት በይፋ ዕውቅና ሰጠች። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሀውስ ውስጥ፣ ክረምቱን በችግር ይገፉ ነበር። እነዚያ አዳራሾች በየሳምንቱ ይሞሉ ነበር። የሸራው ምስል ርኅራኄ ቀስቅሶ ይሆናል፤ የለንደንን እጅ ግን አልያዘም።

ከዚያም በላይ ዜናው ትኩስ አልነበረም። የዜና ፊልም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ኪራዩም በዕድሜው ይቀንሳል። ትልቁ አዳራሽ አዲሱን ያሳያል፤ የድኻ ሰፈሩ አዳራሽ ያረጀውን በርካሽ ተከራይቶ ዘግይቶ ያሳያል። ሦስተኛው ነጥብ ላይ የተነገረልን እኩልነት ዜና ላይ እንኳ አልነበረም።

አምስተኛው ክስ በባለብዙ አዳራሽ ሲኒማ ላይ የቀረበው ነው። እዚህ ላይ የዓመታቱ ቅደም ተከተል ብቻውን ይበቃል። በብሪታንያ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሲኒማ ሚልተን ኪንስ ላይ ዘ ፖይንት በሚል ስም፣ ባለ አሥር አዳራሽ ሆኖ የተከፈተው በ1985 ነው። የተመልካቹ ቁጥር የወደቀው ከ1946 እስከ 1984 ነው። ሟቹ ከሞተ በኋላ የመጣን ሰው ገዳይ ማለት እንዴት ይቻላል? ከ1985 በኋላማ ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ በ2002 ወደ 176 ሚሊዮን ደረሰ።

እውነተኞቹ ምክንያቶች ሌሎች ናቸው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፤ በ1955 የንግድ ቴሌቪዥን ሲጀመር ማስታወቂያውም አብሮ ሳሎን ገባ። ሕዝቡ ከድሮ ሰፈሮች እየተነሣ ሲኒማ ቤት ወደሌለባቸው አዳዲስ መንደሮች ሄደ። ከ1916 ጀምሮ በቲኬት ላይ የተጣለው የመዝናኛ ግብር እስከ 1960 ቆየ። በ1960 በወጣው የቁማር ሕግ ቢንጎ ለተባለው የቁጥር ዕጣ ጨዋታ መንገዱ ሲከፈትለት የትልልቆቹ አዳራሾች ባለቤቶች ራሳቸው ፊልሙን ትተው ቢንጎ አስገቡ። ያላስገቡት በ1970ዎቹ አዳራሹን በግንብ ከፋፍለው ሦስት ጠባብ ክፍል አደረጉት፤ ከጎን ያለው የጦርነት ፊልም ፍንዳታ በፍቅሩ ፊልም መሐል ይሰማል። ጸሐፊው «መጋዘን» የሚሉት ዘ ፖይንት ሲከፈት፣ ሰው ከእነዚያ ክፍሎች ወጥቶ ምቹ ወንበርና ጥርት ያለ ድምፅ ወዳለበት ሄደ። በኋላ ያ ሕንጻ ይፍረስ ሲባልም «ትዝታችን ነው፣ ይቆይልን» የሚሉ ነዋሪዎች ተነሥተዋል።

የባለብዙ አዳራሹ ጥፋትም መነገር አለበት። መኪና ለሌለው ሰው ሩቅ ነው፤ በየከተማው መሐል ተርፈው የነበሩትን ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች ተጫኗቸው፤ ሁሉም ቦታ ያንኑ ፊልም ያሳያል። ጸሐፊው በዚህ ብቻ ቢወስኑ ኖሮ እጄን አውጥቼ እደግፋቸው ነበር።

የሚያዝኑላቸው ውብ ሕንጻዎችም ቢሆኑ ሁሉም አልጠፉም። በ1931 የተከፈተው፣ ቴዎዶር ኮሚሳርዤቭስኪ ውስጡን የነደፈው የቱቲንግ ግራናዳ ከነቅርጻ ቅርጹ አለ፤ ያቆየው ጸሐፊው የናቁት ቢንጎ ነው። በ1937 የተከፈተው፣ 4,000 ያህል ሰው ይይዝ የነበረው የኪልበርን ጎሞንት ስቴት ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሑድ እሑድ በሰው ይሞላል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄያቸው እንምጣ፤ ምን ይመለስ? የዕረፍት ሰዓቱና የአይስክሬም ትሪው ቢመለሱ አልቃወምም፤ ረጅም ፊልም ላይ ብዙ ሰው ያመሰግናል። ኦርጋኑን የሚናፍቅ ሰው ሌስተር ስኩዌር ኦዲዮን ይሂድ፤ በ1937 የተተከለው ኮምፕተን ኦርጋን እዚያው አለ። የሰፈር ማስታወቂያው ይመለስ በሚለው ግን ከልብ እስማማለሁ፤ ምክንያቴ የተለየ ቢሆንም። ፊልም በዲጂታል በሚታይበት ዘመን አንድ ትንሽ ማስታወቂያ ለአንድ አዳራሽ ማዘጋጀት ከድሮው የቀለለ ነው። በለንደን ያሉ የእኛ ምግብ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶች፣ የቡናና የቅመም ሱቆች በሰፈራቸው ሲኒማ ቤት ሸራ ላይ ቢታዩ ደስ ይለኛል። እንቅፋቱ የሰው ጣዕም መበላሸት አይደለም። የትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች የማስታወቂያ ጊዜ በአብዛኛው በሁለት ኩባንያዎች በኩል፣ በዲጂታል ሲኒማ ሚዲያና በዚያው በድሮው ፐርል ኤንድ ዲን፣ ለአገር አቀፍ ደንበኞች ነው የሚሸጠው፤ የሰፈሩ ሥራ አስኪያጅ ብቻውን አይወስንም።

የራሳቸው ውሳኔ ያላቸው አዳራሾች ግን አሉ። በኢስት ፊንችሊ የሚገኘው ፊኒክስ ሲኒማ በ1910 የተሠራ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቦታው የቢሮ ሕንጻ ሊቆም ሲታሰብ የሰፈሩ ሰዎች ተቃወሙ፤ በታላቋ ለንደን ምክር ቤት ገንዘብ ተደግፎ በ1985 ለአትራፊ ባልሆነ የአደራ ማኅበር ተላለፈ፤ ዛሬም የሚያስተዳድረው ማኅበሩ ነው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ያነበቡላቸውን ብዙ ሰዎች ይዘው እንዲህ ላሉት አዳራሾች «ከዋናው ፊልም በፊት ለሰፈሩ ነጋዴ አንድ ደቂቃ ስጡ» የሚል ደብዳቤ ቢጽፉ፣ የእኔንም ስም ከፈራሚዎቹ ጋር ያስገቡት።